የውሳኔው ማግስት

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«29 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከደመወዜ እየቆጠብኩ 240 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። ሦስት አማራጭ አለኝ። አንደኛው ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ መማር ነው። ሁለተኛው ከጓደኛዬ ጋር ዳቦ ቆሎ እያሸግን መሸጥ። ሦስተኛው ዱባይ መሄድ፤ አክስቴ እዚያ ናት፣ ‹በቪዚት ቪዛ ነይ፣ ሥራው እዚህ ይገኛል› ትለኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ላይ ጥቅምና ጉዳቱን ስጽፍ ኖርኩ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንዴ ከተሳሳትኩ ዕድሜዬ አይመለስም። ትክክለኛውን ውሳኔ በምን ልወቅ?»

እህቴ፣

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በሙያ ምክር ሥራ ላይ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። እንዳንቺ ደብተር ይዘው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ደብተሩ ሁሌም ይመሳሰላል። ገጹ መሐል ላይ መስመር ተሰምሯል፤ በአንድ በኩል «ጥቅም»፣ በሌላው «ጉዳት»። የመጀመሪያው ገጽ ጽሑፉ ያምራል። እየቆየ ስርዝ ድልዝ ይበዛል። መጨረሻው ላይ ያው የመጀመሪያው ገጽ ነገር ተመልሶ ይመጣል።

ደብተሩ መልስ ያልሰጠሽ በደንብ ስላላሰብሽ እንዳይመስልሽ። የምትፈልጊው መልስ ገና አልተፈጠረም። ዳቦ ቆሎው ይሸጥ አይሸጥ የሚታወቀው ገበያ ሲወጣ ነው። ከሥራ ደክሞሽ ገብተሽ ማታ ማታ ማጥናት ትችዪ እንደሆነ የሚታወቀው ሦስት ሳምንት አጥንተሽ ስታዪው ነው። ከጓደኛሽ ጋር በገንዘብ ነገር ትስማሙ እንደሆነ የሚታወቀው የመጀመሪያዋን ሺህ ብር ስትካፈሉ ነው። ይህን ሁሉ አልጋ ላይ ተጋድሞ በማሰብ ማወቅ አይቻልም። አንቺም አትችዪም፣ እኔም አልችልም።

ስለዚህ «ትክክለኛው ይሄ ነው» ብዬ ስም አልጠራልሽም። ከሦስቱ አንዱን ግን አጥብቄ አስወጣዋለሁ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። በቀሩት ሁለቱ ላይ ያለኝ ሐሳብ አንድ ነው። የቱንም ብትመርጪ፣ ኑሮሽን የሚወስነው ከምርጫው ማግስት ጀምሮ በየቀኑ የምትሠሪው ሥራ ነው።

ውሳኔ እንዲህ የሚከብደን ያለ ምክንያት አይደለም። ያደግነው እንዲያ ነው። 12ኛ ክፍል ስንደርስ የጥቂት ቀን ፈተና የዕድሜ ልክ ዕጣ ሆኖ ይጠብቀናል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን በየቤቱ የነበረውን ሐዘን ታስታውሻለሽ። ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አንዱ ትክክል፣ ሦስቱ ስህተት። አጥቁረሽ ካስረከብሽ በኋላ ምንም ማድረግ አትችዪም። ይህ ነገር ከፈተና ክፍሉ ተከትሎን ይወጣል። ሥራ ሲመጣም፣ ትዳር ሲመጣም፣ ከአራቱ አንዱን የማጥቆር ጉዳይ ይመስለናል። ካጠቆርን በኋላም ወረቀቱ እጃችን ላይ እንዳለ እንረሳለን።

እኔ ራሴ የሞላሁት ሕግ ነበር። ሳይኮሎጂ ተመደብኩ። የመጀመሪያውን ዓመት አኩርፌ ነው ያሳለፍኩት። ክፍል እቀራለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «ሳልፈልግ ተመድቤ ነው» እላለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ለአንድ ኮርስ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን እየተቀበልኩ ማነጋገር ነበረብኝ። አንዷ ልጅ ግማሽ ሰዓት አልቅሳ ስትወጣ «ዛሬ ቀለል አለኝ» አለችኝ። ያን ቀን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፈተና ብዬ ሳይሆን ማወቅ ስለፈለግሁ መጽሐፍ ገለጥኩ። አብረውኝ የተመደቡት ልጆችም አብዛኞቹ እንደኔ ሳይፈልጉ የገቡ ነበሩ። ምድባችን አንድ ነበር። ዛሬ ያለንበት ግን ለየቅል ነው። አገራችን ውስጥ ስንት ሺህ ሰው ያልመረጠውን ትምህርት ተምሮ የሚወደውን ሙያ እንዳወጣበት ባየሁ ቁጥር፣ ለምርጫው የምንሰጠው ክብደት ይገርመኛል።

ሌላው ደግሞ ቁጥሩ ነው። አካውንታንት ነሽና ደብተርሽ በቁጥር የተሞላ እንደሚሆን እገምታለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት የንግድ ሂሳብ የሠራ ሰው ሁሉ እንደገና ቁጭ ብሎ ሠርቷል። የዘይቱ ዋጋ፣ የማሸጊያው ላስቲክ፣ በፓውንድ የሚከፈለው የኤሲሲኤ ክፍያ፣ ምኑ ቅጡ። አንቺ «እስክወስን ባለችበት ትቀመጥ» ያልሻት ገንዘብም ባለችበት አልተቀመጠችም። ቁጥሯ ያው ነው፤ የምትገዛው ግን ቀንሷል። መጠበቅም ያስከፍላል። ደረሰኝ ስለማይሰጥ ነው የማናየው።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ላጫውትሽ።

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጁስ ቤት ተከፈተ። በመሐላቸው ያለው አንድ ፀጉር ቤትና አንድ ፋርማሲ ብቻ ነው። ውሳኔው ቁርጥ አንድ ነው፤ ያው ሥራ፣ ያው ሰፈር፣ ያው ደንበኛ፣ የሚገዙትም ከዚያው አትክልት ተራ። እንዲያውም ወንድየው ይበልጥ ነበር። ያገኘው ማዕዘን ላይ ያለችውን ሱቅ ነው፤ ከሁለት በኩል ትታያለች። ሁለት ጁስ መምቻ ገዛ። ግድግዳውን በሥዕል አሳመረው። ሴትየዋ የደረሳት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ሱቅ ነው። ለፍራፍሬ ከዚህ የባሰ ቦታ የለም። አንድ መምቻ፣ አንድ ፍሪጅ፣ አምስት በርጩማ። በቃ።

ሁለቱም ታታሪ ነበሩ። ይህን በደንብ ያዢልኝ። እሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይከፍታል፤ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል። ስንፍና የሚባል ነገር አላየሁበትም።

ልዩነቱ የገባኝ አንድ ማክሰኞ ማታ ስፕሪስ ልጠጣ እሷ ጋ ስገባ ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ትጽፋለች። የልጆች ደብተር ነው፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት። ስትቀዳልኝ አየት አደረግሁት። «ማክሰኞ። አቮካዶ 4 ተጣለ። ማንጎ 10 ሰዓት ላይ አለቀ፣ 6 ሰው ተመለሰ። ፓፓያ የጠየቀ የለም። መብራት 45 ደቂቃ ጠፋ።» የቀኑ ሽያጭ ከሁሉም በታች ነው የተጻፈው።

ለምን እንደምትጽፈው ጠየቅኋት። «ትናንትም አራት ጥያለሁ» አለችኝ። «የበሰለ እየመረጥኩ ነው የምገዛው፤ በሁለተኛው ቀን ይጠቁርብኛል። ነገ ግማሹን ጠንካራ አደርገዋለሁ።» አንድ አቮካዶ አንስታ ከአናቱ፣ ግንዱ ከነበረበት አጠገብ፣ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። እዚያ ጋ ከላላ ለዛሬ ነው። ካልላላ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይደርሳል። ይህን ማን አስተማረሽ ስላት «የጣልኩት» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሬ ብዬ እከታተላት ጀመር። ለፀሐዩ ሸራ ወጠረች፤ ፍራፍሬውን ከደጅ ወደ ውስጥ አስገባች። መብራት ሲጠፋ ደንበኛ እንዳይመለስ የእጅ ብርቱካን መጭመቂያ ገዛች። ጠዋት ጠዋት ልጅ የሚያደርሱ እናቶች «ለምሳ ዕቃ የምትይዘው ትንሽ ፍሬ አለሽ?» ሲሏት ሦስት ጊዜ ሰማች። ሦስቱንም ጽፋዋለች። በአራተኛው ቀን ሐብሐብና ማንጎ ቆርጣ በትናንሽ ዕቃ አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። ከጊዜ በኋላ የቤት ኪራዩን የሚከፍልላት ያ የምሳ ዕቃ ፍራፍሬ ሆነ። ሱቁን ስትከፍት ይህ ሐሳብ ጭራሽ አልነበራትም። ሁለት ዓመት ቁጭ ብላ ብታስብም አይመጣላትም ነበር። የመጣው ከእናቶቹ አፍ ነው፤ እናቶቹን ያገኘቻቸው ደግሞ ሱቁ ክፍት ስለነበረ ነው።

ወንድየው በየሳምንቱ ያንኑ ያህል ይገዛል። የተበላሸውን ማታ ሰብስቦ ይጥላል፤ አይቆጥረውም። ገበያው ሲቀዘቅዝበት ከኔ ጋር የሚያወራው ስለ ውሳኔው ነበር። «ጁስ ቤት መክፈት አልነበረብኝም፤ ሞባይል አክሰሰሪ ነበር የሚያዋጣው» ይለኛል። በስምንተኛው ወር ዘጋና ሌላ ሰፈር አክሰሰሪ ከፈተ። እሱም አልሰነበተም። ደግ ሰው ነው፤ እስካሁን ባሰብኩት ቁጥር አዝናለሁ። ጉልበቱ ነበረው። ሐሳቡ ግን ሁልጊዜ «ትክክል መርጫለሁ ወይስ ተሳስቻለሁ» የሚለው ላይ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ምን እየተበላሸ እንደሆነ ለማየት ጊዜ አልተረፈውም።

ጥረት ስል እንግዲህ ይህን ነው። እስኪደክሙ መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ እሱም ደክሟል። ሠርቶ ማየት፣ ያዩትን መጻፍ፣ ነገ አንዲት ነገር ማስተካከል፣ እንደገና መሥራት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሁለት ዓመት በኋላ አከራይዋ «ሱቁን ለልጄ እፈልገዋለሁ» ብሎ አስወጣት። ማንኛውም ውሳኔ፣ የቱንም ያህል የተመረመረ ቢሆን፣ ከዚህ አያድንም። ሁለት ፌርማታ አልፋ ሌላ ቦታ ተከራየች። በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ ሱቅ እንደ ድሮው ይሠራ ነበር። የአውራ ጣቷን ልምድ፣ ደብተሩንና የእናቶቹን ስልክ ቁጥር ይዛ ነው የሄደችው። ሱቁ ሲወሰድባት እነዚህ አብረው አልተወሰዱም።

የሙያዬ ጥናቶችም ከዚህ ጋር ይገጥማሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሥራ የሚፈልጉ ተመራቂዎችን ተከታተለ። «ከሁሉ የተሻለውን ሳላገኝ አላርፍም» የሚሉት ልጆች ከሌሎቹ 20 በመቶ ገደማ የበለጠ ደመወዝ አገኙ። ግን ባገኙት ሥራ የነበራቸው እርካታ ከሌሎቹ አነሰ። የተሻለ አግኝተውም ዓይናቸው ያመለጣቸው ላይ ነበር። ሃርቫርድ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት አለ። ፎቶግራፍ የሚማሩ ተማሪዎች ካነሷቸው ሁለት ፎቶዎች አንዱን እንዲወስዱ ተደረገ። ገሚሶቹ «ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በጥቂት ቀን ውስጥ መልሳችሁ መለወጥ ትችላላችሁ» ተባሉ። ገሚሶቹ «የያዛችሁትን ይዛችሁ ሂዱ» ተባሉ። ፎቷቸውን የበለጠ የወደዱት መለወጥ የማይችሉት ናቸው። ሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ከያዘው ጋር ይላመዳል፤ ያምርለታልም። ገና «ልለውጠው ይሆን» ሲል ግን ከያዘውም ከተወውም ሳይሆን ይቀራል። አንቺ ሁለት ዓመት የኖርሽው እዚያ መሐል ላይ ነው። እንቅልፍ ያጣሽውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከሁሉም የምወደው የስቲቨን ሌቪት ጥናት ነው። ኢኮኖሚስት ነው። «ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ» ዓይነት ነገር ላይ የተወጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት ሳንቲም እንዲጥሉ አደረገ። ከ20 ሺህ በላይ ጊዜ ተጣለ። ብዙዎቹ ሳንቲሙ ያላቸውን አደረጉ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ የቆረጡትና የለወጡት ባሉበት ከቆዩት ይልቅ ደስተኞች ነበሩ። ሰዎቹ በራሳቸው ፈቃድ የገቡ ስለሆኑ ሁሉን ሰው ይወክላሉ አልልም። ግን አንድ ነገር ያሳያል። ሳንቲም የሚያስጥል ያህል እኩል የሆነ ነገር ላይ የከበደን መምረጡ ሳይሆን ከቦታ መነቃነቁ ነው።

ወደ ራሳችን ሰው ልመለስ። ስለ አበበ ቢቂላ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ባዶ እግሩ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ታሪኩን የሚሰማ ሰው ጫማ ማውለቁ ትልቅ ውሳኔ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ቀላል ነበር። አዲሱ ጫማ አልተመቸውም፤ እግሩን ላጠው። ስለዚህ በለመደው ባዶ እግር ሮጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አደረገ። ትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። በባዶ እግርም አሸነፈ፣ በጫማም አሸነፈ። በሁለቱም ቀን አብሮት የነበረው ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ለዓመታት የሠራው ልምምድ ነው። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ የመኪና አደጋ ደረሰበትና እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ይህንን የሚመርጥ ሰው የለም። ዊልቼር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ። እንግሊዝ ሄዶ ተወዳደረ። ኖርዌይ ላይ በበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ይህንን የመጨረሻውን ክፍል ብዙ ሰው አያወራውም። እኔ ግን ቢሮዬ ለሚመጣ ሰው ከሮም ይልቅ ይህንን ነው የማወራው።

አሁን አስወጣዋለሁ ያልኩሽ ሦስተኛው አማራጭ ጋ ደርሰናል።

ጥረት ከውሳኔ ይበልጣል ስል በሁሉም ነገር ላይ አይደለም። ጠዋት ተነስተሽ ልታስተካክዪው የማትችዪው ውሳኔ አለ። እሱ ላይ ሁለት ዓመት ማሰብ አይበዛም። በቪዚት ቪዛ ወጥቶ ሥራ መፈለግ ከእነዚያ አንዱ ነው። አክስትሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ናፍቃሽም ይሆናል። ግን በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የተያያዘ ነው። የጉብኝት ቪዛ ይዘሽ ብትሠሪ ሕግ ጥሰሻል። ደመወዝ ቢከለክሉሽ ለማን ትከሻለሽ? የቪዛው ቀን ካለፈ በየቀኑ ቅጣት ይቆጠራል። እዚያ ላይ የቱንም ያህል ብትታትሪ ነገሩ በእጅሽ አይደለም። ጎበዝ ሆነው፣ ሥራ ወዳድ ሆነው፣ ፓስፖርታቸው በሰው እጅ ገብቶ የተንገላቱ እህቶችን አነጋግሬያለሁ። ጉብዝናቸው አላዳናቸውም። መሄድ ካማረሽ በሕጋዊ መንገድ፣ የተመዘገበ የሥራ ውል ይዘሽ ሂጂ፤ ያኔ ሌላ ጨዋታ ነው። ቤት አስይዞ መበደርም፣ ጤናን የሚነካ ነገርም ከዚሁ ጎራ ነው። የቀሩት ሁለቱ ግን ቢበላሹ የሚጠገኑ ናቸው። ዳቦ ቆሎው ባይሸጥ የምታጪው ዱቄትና ዘይት ነው። ኤሲሲኤ ባይሆንልሽ የምታጪው የመመዝገቢያና የአንድ ፈተና ክፍያ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ ሁለት ዓመት ሙሉ እኩል መዝነውብሻል። እኩል ከመዘኑ፣ እኩል ናቸው ማለት ነው። አንዷን ብር ሳንቲም አውጪ። በአንድ በኩል አንበሳ አለ፣ በሌላው ሚዛን። አንበሳው ከወጣ ዳቦ ቆሎ፣ ሚዛኑ ከወጣ ኤሲሲኤ። ቀልዴን አይደለም። ሳንቲሙ አየር ላይ እያለ ልብሽ «በአንበሳው በሆነ» ካለሽ ደግሞ ሳንቲሙን ተዪው፣ ልብሽን ተከተዪ። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አትጀምሪ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

ዳቦ ቆሎ ከሆነ፣ ከ240 ሺህዋ 15 ሺህ ብቻ ለይተሽ አስቀምጪ። ጊዜው ስድስት ቅዳሜ ነው። ሥራሽን አትልቀቂ። መጀመሪያ ቅዳሜ 5 ኪሎ ዱቄት አቡኩ። ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን በስኳር። ስትቆራርጡት መጠኑ አንድ ይሁን፤ ካልሆነ ምጣዱ ላይ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አታሽጉት፤ ላስቲኩ ውስጥ ያልበዋል፣ በሦስተኛው ቀን ይለሰልሳል። ሚዛን ላይ እያስቀመጣችሁ እያንዳንዱን 100 ግራም አድርጉት። ከዚያ 20ውን መሥሪያ ቤትሽ ውሰጂ፣ የቀረውን ሦስት ሱቅ አስቀምጡ። ባለሱቆቹ «ሲሸጥ እከፍላለሁ» ይሉሻል። እሺ በይ፣ ግን ያስቀመጥሽውን ቁጥር አስፈርሚ። ለራስሽና ለጓደኛሽ ጉልበት ዋጋ አውጪበት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ራሱን የሚያታልለው፤ ጉልበቱን በነፃ ቆጥሮ «አተረፍኩ» ይላል። ሂሳቡን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከጓደኛሽ ጋርም ከመጀመሪያው ቀን ማን ምን እንደሚሠራና ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፈል ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ወዳጅነታችሁን የሚጠብቀው ያ ወረቀት ነው።

ኤሲሲኤ ከሆነ፣ ሳትከፍዪ በፊት ሦስት ሳምንት አጥኚ። ከዲግሪሽ ኮርሶች የተነሳ ነፃ የምትሆኚባቸው ፈተናዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እሱን አጣሪ። ከዚያ ለአንድ ፈተና ብቻ ተመዝገቢ። ስለ ጠቅላላው መንገድ አታስቢ። ያ የመጀመሪያው ፈተና ስለ ራስሽ የሚነግርሽን ደብተርሽ በአሥር ዓመትም አይነግርሽም።

የቱንም ብትጀምሪ «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እሞክራለሁ» እንዳትዪ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን በገና በዓል ሰሞን አንዲት አጭር ጽሑፍ እንዲጽፉ አዘዘ። ከገሚሶቹ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ። ጽፈው ያመጡት ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ በለጡ። አንቺም እንዲህ በይ፦ «ቅዳሜ 8 ሰዓት፣ ምሳ ዕቃው እንደታጠበ፣ እናቴ ኩሽና።» ወይም «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ማታ 2 ሰዓት፣ ስልኬ ሌላ ክፍል፣ መኝታ ቤት ጠረጴዛ ላይ።» ይህን ያህል ቁርጥ ያለ ይሁን።

ማቆሚያውንም አሁኑኑ ወስኚ። 15 ሺዋ ካለቀች፣ ወይም በስድስተኛው ቅዳሜ ከመጀመሪያው የተሻለ ነገር ካላየሽ ታቆሚያለሽ። ዘመድ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሊልሽ ይችላል። የብብትሽ እንዳለ ነው፤ ደመወዝሽም 225 ሺዋም አልተነኩም። አንዱ ሳይሆን ቢቀር ሌላውን ትጀምሪያለሽ። ያኔ ደግሞ ስድስት ሳምንት በተግባር የሠራች ሰው ነሽ።

ያንን የድሮ ደብተርሽን አትጣዪው። ገልብጪውና ከጀርባው ጀምሪ። በየማታው አራት መስመር ይበቃል። ምን ሠራሁ፣ ምን ተበላሸ፣ ሰው ምን አለኝ፣ ነገ ምን አስተካክላለሁ። ሳንቲሙ በየትኛው በኩል እንደወደቀ ባትነግሪኝም ግድ የለም። በስድስተኛው ሳምንት ግን ገጾቹን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ከሱቅ የተመለሰውንም ከረጢት፣ ያልተጠናበትንም ማታ ሳትደብቂ። እሱን ይዘን እንነጋገራለን።